ጨዉን ማን ይቅመስ?

«ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የምጽፍልሽ ከጅማ ነው፤ ቆጪ አካባቢ ነው የምንኖረው። ከባለቤቴ ጋር ስንጋባ እኔ ኦርቶዶክስ፣ እሱ ፕሮቴስታንት መሆናችን የታወቀ ነበር። የእሱ ቤተሰቦች ወለጋ ናቸው፤ ከአያቶቹ ጀምሮ ጴንጤ ናቸው። በየእምነታችን እንኑር ብለን ሽማግሌ ፊት ተስማማን። ልጃችን በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ እሱም ቆሞ አይቷል። አሁን 8 ዓመቷ ነው። እስከ ዘንድሮ ድረስ በሰላም ኖረናል ማለት እችላለሁ።

ዘንድሮ እናቴ አብራን መኖር ጀመረች። ችግሩን እሷ አመጣችው ብል ግፍ ይሆንብኛል። ግን ወጥ ቤቱ ተለወጠ። እኔ ስጾም ለባለቤቴ የፍስክ እሠራለታለሁ። ስለማልቀምሰው ልጄን ‹ነይ ቅመሽልኝ› እላታለሁ። ሁሌም እንደዛ ነበር። በዚህ በነቢያት ጾም አንድ ረቡዕ ማታ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከነቀምት መጣ። ከቢሮ ገብቼ ዶሮ ሠራሁ። ልጄ ቀምሳ ‹ጥሩ ነው እማ› አለችኝ። ሲቀርብ ጨው የሚባል ነገር የለውም። ሆን ብዬ አይደለም። እንግዳው ዝም ብሎ በላ። ባለቤቴ ግን እሱ ፊት ‹ለእኔ ሲሆን እጅሽ ይታሰራል› አለኝ። እናቴ ደግሞ ከጓዳ ሆና ‹ሰባት ዓመት ያለፋትን ልጅ ጾሟን እያስገደፍሽ ወጡ ሊጥምልሽ ኖሯል?› አለች። እሱም ሰማ። ‹ልጄን ጹሚ ያላት ማነው?› አለ። ልጄ ተነሥታ መኝታ ቤት ገባች።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ‹የጾምና የፍስክ ድስት ካልተለየ እዚህ ቤት አልበላም› ብላ ቆሎ እየቆረጠመች ነው። ባለቤቴ የቡና ሥራ ላይ ስለሆነ አጋሮ ይመላለሳል። በዚያ አሳቦ እያመሸ፣ ውጭ በልቶ ይመጣል። ልጄ ትናንት ማታ ‹እማ፣ እግዜር ተቆጣኝ እንዴ?› አለችኝ። የምላት ጠፋኝ። ያንን ወጥ ያበላሸሁት ሆን ብዬ አይደለም። ምን ላድርግ?

ሁለት ድስት ነኝ፣ ከጅማ»

ውድ ሁለት ድስት፣

ደብዳቤሽን አሳጥሬዋለሁ። ስለ ቤት ኪራዩና ስለ ባለቤትሽ እህት የጻፍሽውን አውጥቼዋለሁ፤ እሱ ለብቻው ሌላ ሳምንት ይፈልጋል።

መጀመሪያ ልጅቷ። ድስቱም፣ ባልሽም፣ እናትሽም ይቆዩ። ዛሬ ማታ አልጋዋ ላይ አብረሻት ቁጭ በይና እንዲህ በያት፦ «ቅመሽልኝ ያልኩሽ እኔ ነኝ። አንቺ የታዘዝሽውን ነው ያደረግሽው። እግዜር አልተቆጣሽም። ጥፋት ካለ የእኔ ነው፣ እሱን ደግሞ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።» ከዚህ በላይ እንዳትጨምሪ። «ግን አንቺም ጨው የለውም ብትዪኝ ኖሮ» የሚል ጭራ እንዳትቀጥዪበት። ልጅቷ ቀምሳ የመለሰችልሽ አይመስለኝም። ፊትሽን አይታ ነው የመለሰችልሽ። ከሥራ ገብተሻል፣ ደክሞሻል፣ እንግዳ ሳሎን ተቀምጧል፣ ሰዓቱ ሄዷል። እንዲህ ያለች እናት ማንኪያ ስትዘረጋ «ጥሩ ነው እማ» የማይል ልጅ የለም።

ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ቀማሽነቷ ይቅር። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ይህቺ ልጅ አንቺንም ትወዳለች፣ አባቷንም ትወዳለች። አሁን አያቷም መጥተዋል። ከአንቺ ጋር ታስቀድሳለች፣ ከአባቷ ጋር ትዘምራለች፣ እስካሁንም ማንም «የማን ነሽ?» ብሏት አያውቅም። ያን ማታ ግን ያቺ ማንኪያ የምርጫ ካርድ ሆነችባት። ብትቀምስ አያቷን፣ ባትቀምስ አባቷን ልታስቀይም ነው። ተነሥታ ወደ መኝታ ቤት መግባቷ ከእናንተ ከሦስታችሁም የተሻለ ማስተዋል ነው።

በጾሙ ጉዳይ እናትሽ ሕጉን አልሳቱም። በእኛ ሥርዓት ልጅ ከ7 ዓመቱ ጀምሮ ጾም ይለማመዳል። ባልሽም ቢሆን «ማን ወሰነ?» ብሎ መጠየቁ አይፈረድበትም። አባት ነው። ክርስትና ስትነሣ ቆሞ ያየ ሰው ስለ ጾሟ ከጓዳ በተወረወረ ቃል መስማት አልነበረበትም። ስለዚህ ሁለታችሁ ለብቻችሁ፣ እናትሽ በሌሉበት፣ ልጅቷም በሌለችበት ተነጋገሩ። የንስሐ አባትሽንም አማክሪ። እኔ ቄስ አይደለሁም፣ የእሳቸውን ሥራ አልወስድም። እኔ ብሆን ግን በ8 ዓመቷ ከቁርስና ከምሳ ሰዓቷ አላስዘልላትም ነበር። መለማመድ ከምግቡ ዓይነት ሊጀምር ይችላል። ጅማ ላይ ሆኖ ደግሞ ለልጅ የሚሆን የጾም ምግብ አጣሁ ማለት ነውር ነው። አቮካዶው በየጓሮው ነው። ምስር አለ፣ ሽሮ አለ፣ ሱፍ አለ፣ ለውዝ አለ። ምሳ ዕቃዋ ውስጥ አቮካዶ በዳቦ ስታገኝ ጾም ላይ መሆኗን ራሷም ላታስታውስ ትችላለች። አባቷ ካልተስማማ ደግሞ ይቆይ። ሁለት ዓመት መቆየት ጣጣ የለውም። ለማን እንደምትበላ እየተሳቀቀች ማደጓ ነው ጣጣው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። እንዳትቀየሚኝ። በደብዳቤሽ ውስጥ «ሆን ብዬ አይደለም» የሚለውን ሁለት ጊዜ ጽፈሽዋል። ማንም አልጠየቀሽም።

አምንሻለሁ። ሆን ብለሽ ጨው አልደበቅሽም። ግን ለአንድ ሰው የሚሠራ ምግብ ላይ እጅ ሊሰንፍ እንደሚችል እኔም አውቃለሁ። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት ከባለቤቴ ጋር ተኳርፈን አንድ ሳምንት ሙሉ ውሃ የመሰለ ሽሮ አቅርቤለታለሁ። ሽሮው አልቆ አይደለም። ዱቄቱ ሞልቷል። እጄ ማንኪያው ላይ ሲደርስ ይከብደኛል፣ በቃ። እሱ ደግሞ ምንም ሳይል በላ። በስምንተኛው ቀን «ሽሮ ተወደደ እንዴ?» አለኝ። ሳቄ መጣ፣ ኩርፊያው አለቀ። አንቺም ስትጾሚ እሱ ቅቤ እያሸተተ መቀመጡ ውስጥሽን አላስከፋውም? «እኔ እዚህ ምራቄን እየዋጥኩ አንተ ደግሞ» አላልሽም በሆድሽ? ካልሽ ሰው ነሽ። ግን በአፍሽ በዪው። «እኔ ስጾም የፍስክ መሥራት ይከብደኛል» ማለት ኃጢአት አይደለም። በሆድ ሲቆይ ወጥ ውስጥ ይገባል።

ሮሜ ምዕራፍ 14ን ሁለታችሁም ቤተ እምነታችሁ ውስጥ ሰምታችሁታል። የሚበላው የማይበላውን አይናቀው፣ የማይበላውም በሚበላው ላይ አይፍረድ ይላል። በእናንተ ቤት እሱ ናቀ፣ እናትሽ ፈረዱ፣ አንቺ ደግሞ ጨው ነሣሽ።

ስለ ጨው ካነሣን አይቀር ጨውን በደንብ እናውራው። እኔ የምወደው ርዕስ ነው፣ ትንሽ ባበዛ ታገሺኝ።

ጾም ላይ ያለች ሴት የፍስክ ወጥ ስትሠራ ወይ ትፈራና ታሳንሳለች፣ ወይ «ጨምሬ ነበር እንዴ?» ትልና ደግማ ትከታለች። ከዚህ በላይ ግን የሚያሳስተው በርበሬው ነው። የቤት በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ መጠኑ ግን ከቤት ቤት ይለያያል። «ወጥ ቤቱ ተለወጠ» ብለሻል። እናትሽ ሲመጡ በርበሬ ይዘው አልመጡም? የትኛዋ እናት ናት ልጇ ቤት ባዶ እጇን የምትመጣው? በድሮው በርበሬሽ የለመደ እጅሽ በእሳቸው በርበሬ ላይ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። እስቲ ከሁለቱም በጣትሽ ቅመሺና አወዳድሪ። በርበሬ የጾም ነው፣ ማንም አይከለክልሽም። ልዩነቱ እሱ ከሆነ ያ ሁሉ ጠብ የተነሣው በአንድ ቆርቆሮ በርበሬ ነው ማለት ነው።

መፍትሔው ደግሞ እዚያው ድስት ውስጥ ነው። ወጡ ገና የጾም እያለ ቅመሽው።

እንዲህ ነው። ከቢሮ የምትገቢው ማታ ነው ብለሻል፤ ጾምሽን በ9 ሰዓት ስለምትፈቺ ማታ የጾም ምግብ መቅመስ ትችያለሽ። ለአንድ ዶሮ የሚሆን 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት አድቅቀሽ ክተፊ። ዘይትም ቅቤም ሳይነካው በራሱ ውሃ አማስዪው። አትቸኩዪ፤ ሽንኩርቱ መልኩ እስኪጠቁርና ድስቱን እስኪለቅ ድረስ ነው። ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ በርበሬ። በርበሬው እንዳያር ውሃ ጠብ እያደረግሽ፣ እያማሰልሽ ቆዪ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን ጨምሪ። ጨው እዚህ ላይ አስገቢ። እኔ በሦስት ደልደል ያለ የሻይ ማንኪያ ነው የምጀምረው፤ በርበሬው ራሱ ጨው ካለው በሁለት። አሁን እንጀራ ቆርሰሽ በደንብ ቅመሽ። ይህ ቁሌት ነው፣ ሽታው ግቢውን ይሞላዋል እንጂ ጠብታ ፍስክ የለበትም። ጨው ትንሽ በለጥ ያለ አድርጊው፤ በኋላ የሚገባው ነገር ይጠጣዋልና።

ሲስተካከል ለሁለት ክፈዪው። አንዱ ላይ ምስር ክክ ጨምሪ። የአንቺና የእናትሽ ነው። በሌላው ላይ በሎሚና በጨው የታጠበውን ዶሮ፣ ከዚያ ንጥር ቅቤውን፣ መጨረሻ ላይ እንቁላሉንና መከለሻውን። ቅቤሽ ጨው ስለሌለው ሚዛኑን አያዛባውም። ዶሮውም በጨው ስለታጠበ ከቁሌቱ ብዙ አይሰርቅም። ኮረሪማውን አትሰስቺ፤ ጅማ ሆነሽ በኮረሪማ ከሰሰትሽ የት ልትቸሪ ነው? ፍሪጅ ካለሽ ደግሞ ቅዳሜ ቁሌት አብዝተሽ ሠርተሽ ለሦስት አራት ቀን ማቆየት ትችያለሽ። ማታ የሚቀርሽ መክፈል ብቻ ይሆናል።

ይህን ሁሉ የነገርኩሽ እኔ ነኝ እንጂ እዚያው ቤትሽ ውስጥ ከእኔ የተሻለ የምታውቅ ሴት ቆሎ እየቆረጠመች ነው።

እስቲ አስቢው። የፋሲካ ዶሮ መቼ ነው የሚሠራው? ቅዳሜ። ማን ነው የሚሠራው? ሁዳዴን 55 ቀን የጾመች፣ ይባስ ብሎ ከዓርብ ጀምሮ ያከፈለች ሴት። ትቀምሰዋለች? ብትሞት አትቀምሰውም። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድስቱ ሲከፈት ግን ጨዉ ልክ ነው። እናትሽ በዚህ ዓይነት ስንት ፋሲካ፣ ስንት ገና ሠርተዋል? አርባ? ሃምሳ? አንድ ጊዜ እንኳ ጨው የለውም ሲባሉ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

የእኔ እናት ጨዉን የምትለካው በመዳፏ ጎድጓዳ ነበር። አንድ መዳፍ ለዶሮ፣ ግማሽ መዳፍ ለምስር። አንዴ ትከታለች፣ ከዚያ የጨው ዕቃውን ከምድጃው አርቃ መደርደሪያ ጫፍ ላይ ታስቀምጠዋለች። «ሁለት ሰው ጨው የጨመረበት ወጥ ባለቤት የለውም» ትል ነበር። ከዚያ በእንፋሎቱ ላይ ጎንበስ ብላ ታሸታለች። ጨው ይሸታል? አይሸትም። ግን ስታሸት ዝም እንል ነበር፤ ቀና ስትል እኛም እንተነፍሳለን።

እናትሽም የራሳቸው መላ አላቸው። ጠይቂያቸው። ቡና አፍልተሽ፣ ባልሽ በሌለበት ሰዓት፣ «እማዬ፣ የፋሲካውን ዶሮ ሳትቀምሺው ጨዉን በምን ነበር የምታውቂው?» በያቸው። ከዚያ ዝም በዪ። ስለ ድስት አታንሺ፣ ስለ ልጅቷ አታንሺ። ያወሩልሽ። እሳቸው ቤታቸውን ዘግተው፣ ጎረቤታቸውን ትተው፣ የሌላ ሰው ወጥ ቤት ውስጥ ገብተዋል። በአንቺ ቤት አንቺ ታዣለሽ፣ ባልሽ ያዛል፣ የ8 ዓመቷም ልጅ እንኳ ቀማሽ ናት። እሳቸው ምንድን ናቸው? ሥራ የሌለው ሰው ዳኛ ይሆናል። ሥራ ስጫቸው።

በድስቱ ጉዳይ ግን ግማሽ እውነት አላቸው። የምትሠሪው በሸክላ ድስት ከሆነ መለየቱ ትክክል ነው። ሸክላ ቅቤ ይጠጣል። ብታጥቢው ብታጥቢው ሽታው አይለቅም፤ በማግስቱ ሽሮ ስትሠሪበት ራሱ ይነግርሻል። ብረት ድስት ከሆነ ግን በሙቅ ውሃና በሳሙና የማይለቅ ነገር የለውም። እንጀራ ምጣዱን ደግሞ እርሺው፤ በጎመን ዘር ነው የሚታሰሰው። እኔ ብሆን እናትሽን ይዤ ሐሙስ ገበያ ወርጄ አንድ ሸክላ ድስትና አንድ ማማሰያ አስመርጣቸው ነበር። ራሳቸው እያንኳኩ ድምፁን ሰምተው ይምረጡ። ድስቱን ስትገዢ እንደተሸነፍሽ አትቁጠሪው።

ሁለት ድስት ብለሽ ስትፈርሚ እንደ ማፈር ያለ ነገር አየሁበት። አንቺ የጅማ ልጅ አይደለሽም እንዴ? በዚህ ከተማ ሁለት ድስት ምን ብርቅ ነው? ሰርግ ስንደግስ ለሙስሊም እንግዶቻችን ሙስሊም ጎረቤት ጠርተን አሳርደን፣ በሌላ ድስት፣ በሌላ ሰው እጅ አሠርተን፣ ለብቻ ድንኳን እናስተናግድ የለም? እነሱስ ለእኛ እንዲሁ አይደሉም? ማንም በዚህ ተቀይሞ አያውቅም። እንዲያውም ድስቱ ሳይለይለት የቀረ እንግዳ ነው የሚቀየመው።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። በ1985 ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ። እኔ ያኔ የልጅሽ እኩያ ነበርኩ። ሙስሊም ጎረቤታችን ማታ ማታ ሳምቡሳ ትጠብሳለች፤ ሽታው በአጥር እየዘለለ ይገድለናል። እሷ የምታፈጥረው ሥጋ ባለው ነው። እኛ ጾም ላይ ነን። አንድ ማታ አጥሩ ጋ መጥታ እናቴን ጠራቻት። በሳህን ሳምቡሳ ይዛለች፣ በነጠላዋ ጫፍ ሸፍናዋለች። «የምስር ነው» አለች። እናቴ አመነታች። ምስሩስ ምስር ነው፣ የተጠበሰበትስ? ጎረቤታችን ሳትጠየቅ መለሰች፦ «ዘይቱ አዲስ ነው። የእናንተን አስቀድሜ ነው የጠበስኩት።» ረሃቧን ይዛ፣ ማግሪብ ሊል ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ የእኛን አስቀድማ። እኔ እስከ ዛሬ ዘይት መጥበሻ ውስጥ ስጨምር ያ ድምፅ ይመጣብኛል። እናቴ ሳህኑን ባዶውን አልመለሰችም፤ የጓሯችንን ሙዝ ሞልታ ነው የመለሰችው።

እንግዲህ በአጥር ለሚለይ ሰው ይህን ያህል ከተቻለ፣ በአንድ ትሪ ለሚበላ ባልማ።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ ለአንተም አንድ ሁለት ነገር አለኝ። ካላነበብክ ሚስትህ ታንብብልህ።

እንግዳ ፊት የተናገርከው ልክ አልነበረም። ወንድምህ ዝም ብሎ መብላቱን አይተሃል አይደል? እሱን መምሰል ትችል ነበር። «ጨው አቀብዪኝ» ሁለት ቃል ነው። ሚስትህ የራሷን አፍ አስራ ለአንተ ዶሮ እየሠራች ነው፣ ያውም ከሥራ ገብታ። ጾሙን አትቀበለው ይሆናል። የእሷን ድካም ግን አይተህ እለፈው አልልህም። ደግሞ ለሰላሳ ቀን ለአርባ ቀን ዶሮ አይበላም። በአዘቦቱ ቀን ከእነሱ ጋር ሽሮውን ብላና ከጎኑ እንቁላል ከፈለግህ ራስህ ጥበስ። እንቁላል ጠብሶ የማያውቅ የቡና ነጋዴ የለም፤ ገጠር ስታድር ማን ነው የሚያበስልልህ? ማታ ማታ ውጭ በልቶ መግባቱን ደግሞ ተወው። ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ልጅህ በሩ ሲንኳኳ የምትቆጥረው አባቷ እራት ላይ የሌለባቸውን ቀናት ነው።

ስለ ልጅህ ጾም ሳትጠየቅ መቅረትህ ግን እውነትም ያስከፋል። ይህን ለሚስትህ በእርጋታ ንገራት። ያን ማታ የተናገርካት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ትክክለኛው ጥያቄ ነበር፤ ሰዓቱና ድምፁ ናቸው ያበላሹት።

ወደ አንቺ ልመለስና ልጨርስ። በሳምንቱ ውስጥ የምትሠሪውን በቁሌቱ መላ ትወጪዋለሽ። የሚቀርሽ ትልቁ ድግስ ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ ዶሮው የሚሠራው በዋዜማው ማታ። ዐሥራ ሁለቱ ብልት ተለይቶ፣ እንቁላሉ ተቀቅሎ፣ ቅቤው ገብቶ፣ አንቺም እናትሽም እስከ ሌሊቱ ቅዳሴ ጾም ላይ ናችሁ። ልጅቷ ከቀማሽነት ወርዳለች። እናትሽ ጨዉን በመላቸው ያስገባሉ፣ ጥሩ። ግን በዚያ ማታ በዚያ ቤት ውስጥ ያንን ዶሮ ቀምሶ መናገር የሚችል አንድ ሰው ነው ያለው።

ባልሽ ያን ዕለት ከአጋሮ በጊዜ እንዲገባ ከአሁኑ ንገሪው። ለገና ቤቱን የሚያስጌጥ ሌላ ሰው ይፈለጋል፤ እሱ ወጥ ቤት ይፈለጋል። ማንኪያውን አንቺ አትስጪው፤ እናትሽ ይስጡት። «ና እስቲ ልጄ፣ ቅመስልን» ይበሉት። ይህቺን ቃል እንዲሉ ቀደም ብለሽ በቡናው ላይ ለምኛቸው፣ እንቢ የሚሉ አይመስለኝም፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ወጡ ልክ ይሁን አይሁን ሳያውቁ እስከ ሌሊት የጠበቁ ሴት ናቸው። እሱም ይቅመስ፣ አንዴ ብቻ ሳይሆን ሁለቴ ይቅመስ። ጨው አንሶት ከሆነ ይናገር፣ እንግዳ የለም። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ታያቸው።